ችግሩን ሳንግባባበት መፍትሔ አንምረጥ

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል እንውሰድ። ታካሚው ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይሰለፋል። ሥራ የሚጀመረው 2:30 ነው። ካርድ ያወጣል፣ ይጠብቃል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ውጤት እስኪመጣ እንደገና ይጠብቃል። መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ ከሰዓት 9 ሰዓት አልፏል። ቅሬታ ሲበዛ ማኔጅመንቱ ስብሰባ ይጠራል።

ስብሰባው ላይ ምን እንደሚባል መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። "ካርድ ክፍል ሰው ይጨመር።" "ሐኪሞች በሰዓቱ ይግቡ።" "ሲስተሙ ይቀየር።" "ለሠራተኛው ስልጠና ይሰጥ።" አንድ ሰዓት ሳይሞላ አራት መፍትሔ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰልፉ ለምን እንደሚፈጠር ግን ተሰብሳቢው ገና አልተነጋገረም። አንዱ መፍትሔ ይመረጣል፣ በጀት ይወጣበታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሰልፍ፣ ያው ስብሰባ ይመለሳል።

ይህ መመሪያ የሚያወራው ከዚያ ስብሰባ በፊት መሠራት ስላለበት ሥራ ነው፤ ችግሩን አብሮ ስለመረዳት። ምሳሌዬን ሆስፒታል ያደረግሁት አብዛኛው አንባቢ በሠራተኛነት ባያውቀው በታካሚነት ወይም በአስታማሚነት ስለሚያውቀው ነው። አካሄዱ ለልብስ ስፌት ፋብሪካም፣ ለባንክ ቅርንጫፍም፣ ለክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤትም ይሆናል።

አገራችን ውስጥ መሣሪያው ጠፍቶ አይደለም። ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ "ማ"ዎች ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። የሚቆጨኝ፣ መደርደሪያ ማስተካከሉና ዕቃ ላይ ምልክት መለጠፉ ሲለመድ፣ ቆም ብሎ ሥራውን አብሮ የማየቱ ልማድ ግን ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ዋናው እሱ ነበር።

1. ችግሩ የቱ ዓይነት ነው?

ሁሉም ችግር ይህን ሁሉ ድካም አይፈልግም። የላቦራቶሪው ማሽን ከተበላሸ ባለሙያ ይጠራና ይጠገን። ወረቀት ካለቀ ይገዛ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ኮሚቴ ማቋቋም ጊዜ መግደል ነው።

ውስብስብ ችግር ጠባዩ ሌላ ነው። "ተፈታ" ተብሎ ተመልሶ ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል፤ ሁሉም ደግሞ በቂ ማስረጃ አለው። አንዱ ጋ ሲስተካከል ሌላው ጋ ይብሳል። ሆርስት ሪትል እና ሜልቪን ዌበር የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ችግሮችን ከሂሳብ ጥያቄ ለይተዋቸው ነበር። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ እኛን በደንብ ይመለከታል፤ ችግሩን የገለጽንበት መንገድ መፍትሔውንም አብሮ ይመርጥልናል። "የሰው ኃይል እጥረት" ካልን መጨረሻችን ቅጥር ነው። "የዲሲፕሊን ችግር" ካልን መጨረሻችን ቅጣት ነው።

2. ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ማንም ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ጻፉ። የሰው ወይም የክፍል ስም አይግባበት። መፍትሔ አይግባበት። ፍርድም አይግባበት።

"ካርድ ክፍል ቀርፋፋ ነው" ፍርድ ነው። "የኮምፒውተር እጥረት አለ" ችግር ይምሰል እንጂ መፍትሔ ነው፤ ኮምፒውተር እንግዛ እያለን ነው። "ከ2:30 በፊት የደረሰ ተመላላሽ ታካሚ ብዙ ጊዜ እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ከግቢው አይወጣም" ግን ይሠራል። ሐኪሙም፣ ገንዘብ ተቀባዩዋም፣ ታካሚውም ይህን ሲያነቡ "ልክ ነው" ይላሉ። የምንፈልገውም ሁሉም ሳይከፋው የሚቀበለው መነሻ ነው።

አንድ ልማድ እዚህ ጋ በጣም ይጎዳናል። ሪፖርቶቻችን ማንኛውንም ችግር "የአመለካከት፣ የክህሎትና የግብዓት" ብለው በሦስት ይመድቡታል። እነዚህ ቃላት ሐሰት ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ከተባሉ በኋላ ጥያቄ ይቆማል። "የአመለካከት ችግር አለ" ከተባለ ማን ምን ያጣራል? ስለዚህ ቡድኑ መጀመሪያ ላይ ይስማማ፤ ከሦስቱ ቃላት አንዱን የተናገረ ሰው "ምን አዩ? የት? መቼ?" ተብሎ በአክብሮት ይጠየቅ። "ትናንት 4 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ሦስት መስኮት ጋ ሄደው ሦስቱም ጋ 'እዚህ አይደለም' ተባሉ" የሚል መልስ ከመጣ፣ ቡድኑ የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው።

3. ማን ይግባ?

ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የሥራ ሂደት አስተባባሪዎች ናቸው። ከእነሱ ሁለት ይበቃሉ። የቀሩት ሥራውን በእጃቸው የሚሠሩ ይሁኑ። ለምሳሌያችን ከካርድ ክፍል አንድ፣ ካርድ ከክፍል ወደ ክፍል ከሚያመላልሱት ራነሮች አንድ፣ ታካሚን እንደ ሕመሙ ክብደት የምትለይ የትሪያጅ ነርስ፣ ተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ሐኪም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ገንዘብ ተቀባይ እና የበሩ ጥበቃ። ሠራተኞቹ በጠቅላላ ከአሥር አይበልጡ። ከበዛ ጉባኤ ይሆናል፣ ጉባኤ ላይ ደግሞ ንግግር እንጂ ወሬ አይመጣም። እኛ የምንፈልገው ወሬውን ነው።

ጥበቃው ለምን? የመጀመሪያው ታካሚ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሰልፉ ውስጥ ምን እንደሚወራ የሚያውቀው እሱ ነው። ወረፋ ቁጥር የሚያድለውም ብዙ ቦታ እሱ ነው። እሱ የሌለበት ስብሰባ ስለ ሰልፍ የሚያወራው በግምት ነው።

ታካሚስ? ሁለት ሰው ጋብዙ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ያላቸው ሰዎች ጥሩ ምርጫ ናቸው። በየጊዜው ስለሚመላለሱ የትኛው መስኮት መቼ እንደሚጨናነቅ በቃላቸው ያውቁታል። ከገጠር በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚም ሌላ ዓይን አለው፤ የትራንስፖርትና የማደሪያ ጉዳይ እሱ ካላነሳው አይነሳም። አማርኛ የማይቀናቸው ከሆነ በሚናገሩት ቋንቋ የሚያዋራቸው ሰው ከጎናቸው ይቀመጥ።

አጠራሩም ይታሰብበት። ለራነር ወይም ለጥበቃ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢደርሰው "ምን አጠፋሁ?" ነው የሚለው። በአካል ሄዳችሁ ንገሩት። ለምን እንደተፈለገ፣ ምን እንደማይደርስበት፣ እሱ በሌለበት ሰዓት ሥራውን ማን እንደሚሸፍን። ሌሊት ተረኛ ያደረን ነርስ ጠዋት ስብሰባ አትጥሩ። ሻይና ዳቦ ይኑር። እነዚህ ሳይሟሉ ቅንነት መጠበቅ ይከብዳል።

4. ከግምገማ ለዩት

ከሁሉም ደረጃ የሚከብደውም፣ የሚያዋጣውም ይኼ ነው።

እኛ ዘንድ ስለ ሥራ ችግር ለመነጋገር ሰው ሲሰበሰብ ብዙዎች ትዝ የሚላቸው ግምገማ ነው። ሂስና ግለ ሂስ። እዚያ ላይ ሰው ወይ ራሱን ይከላከላል፣ ወይ ሌላውን ያጋልጣል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ያለፈበት ሠራተኛ ደግሞ ትንሽ ቡድን ሲባል ራሱ ይጠነቀቃል። ጥንቃቄው ከልምድ የመጣ ነውና አትውቀሱት። በንግግር አይጠፋም፤ በአሠራር ነው የሚቀንሰው።

መጀመሪያ ኃላፊው በሁሉም ፊት ቃል ይግባ። እዚህ የተነገረ ነገር ለሥራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም፣ የማንም የግል ማኅደር ውስጥ አይገባም። ኃላፊው ይህን መጠበቅ እንደማይችል ካወቀ ቃሉን ባይገባ ይሻላል። አንድ ጊዜ የተከዳ ቃል ቀጣዮቹን ዓመታት ያበላሻል። የቃሉ ወሰንም በግልጽ ይነገር፤ ስርቆት ወይም ታካሚን ሆን ብሎ መጉዳት ከተገኘ ያ በሌላ መንገድ ይታያል።

ቀጥሎ፣ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ጽሑፍ ይቅደም። ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ወረቀት ይሰጥ። ለአሥር ደቂቃ ማንም አይናገር፤ እያንዳንዱ "ሥራዬን የሚያስቸግረኝ ምንድን ነው? መቼ ይብሳል?" ለሚለው ስም ሳይጽፍ ይመልስ። አወያዩ ሰብስቦ፣ አደባልቆ፣ ጮክ ብሎ ያንብብ። መጻፍ የማይቀናው ካለ አወያዩ ቀደም ብሎ ለብቻ ያናግረውና ሐሳቡን ይጻፍለት። አወያዩ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰልፉ ላይ ጥቅምም ጥፋትም የሌለበት።

የመናገር ተራም ይገልበጥ። ዶክተሩ መጀመሪያ ከተናገሩ፣ ራነሩ "እሳቸው እንዳሉት" ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከራነሩና ከጥበቃው ይጀመር፣ ኃላፊው መጨረሻ ይናገር። እንዲያውም የመጀመሪያው ቀን ላይ ኃላፊው ከፍተው ቢወጡ እመርጣለሁ።

አንዳንድ አሠልጣኞች እኩልነት ለመፍጠር ሁሉም አንተ፣ አንቺ ይባባል ይላሉ። እኔ አልስማማም። "ሲስተር"፣ "ዶክተር"፣ "ጋሼ" መባባሉ ይቀጥል። የለመዱትን የአክብሮት አጠራር የተነጠቁ ሰዎች ይጨናነቃሉ እንጂ አይፈቱም። እኩልነቱ በተራና በጊዜ ይታይ፤ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ሦስት ደቂቃ ከተሰጠ ለጥበቃውም ሦስት ደቂቃ።

ቃለ ጉባኤው ምን እንደተባለ ይያዝ፣ ማን እንዳለው አይያዝ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ላይ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ የሥራ ግንኙነት ያላቸው ቡድኖች ትንሽ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ተቃራኒውን አሳየ፤ እነዚያ ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው ነበር። ስትመረምረው፣ እነሱ ስህተታቸውን በግልጽ ስለሚናገሩ ነው ወደሚል ድምዳሜ አመራት። ሌሎቹ ጋ ይደበቅ ነበር። የእናንተም ሪፖርት ላይ "ችግር የለም" የሚል ክፍል ካለ ቀድማችሁ የምትጠይቁት እሱን ይሁን።

5. ሄዳችሁ እዩ

የቶዮታ መኪና ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ታይቺ ኦኖ የፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቶ ኃላፊዎችን እዚያ ውስጥ ያቆማቸው ነበር ይባላል። ሥራቸው ለሰዓታት መመልከት ብቻ ነው። እኛ ጋ ኃላፊ ወደ ሥራ ቦታ ሲወርድ "ሱፐርቪዥን" ይባላል፤ ሁሉም ይስተካከላል፣ ቼክሊስት ይሞላል፣ ይወጣል። ያ ሌላ ነገር ነው። አሁን የምትሄዱት ለማየት ነው። አትምከሩ፣ አታርሙ፣ ፎቶ አታንሱ።

እንዲህ አድርጉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፣ ግን ሁለቱ ከተለያየ ክፍል ይሁኑ። ሐኪሙ ከራነሩ ጋር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር። የሚያዩት አንድ ነገር ሆኖ የሚገነዘቡት ይለያያል፤ ጥቅሙ እዚያ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ታካሚ ይከተል፣ ከበር እስከ በር። አስቀድሞ ፈቃዱን ይጠይቁ፣ ስሙንና ሕመሙን አይጻፉ። ምርመራ ክፍል ውስጥ አይግቡ።

አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይበቃል። የት ደረሰ? ስንት ሰዓት ደረሰ? አገልግሎቱ ስንት ሰዓት ተጀመረ? ስንት ሰዓት አለቀ? ማታ ላይ ሁለት ድምር አውጡ፤ የተስተናገደበት ጊዜና የጠበቀበት ጊዜ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ከሁለተኛው አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል። ስድስት ሰዓት ግቢ ውስጥ የቆየ ሰው፣ የሆነ ሰው ሥራውን የሠራለት ለደቂቃዎች ብቻ ሆኖ ይገኛል። ይህ ከታየ በኋላ "ፍጠኑ" የሚለው ትእዛዝ ትርጉም ያጣል። ሠራተኛው በእጥፍ ቢፈጥን እንኳ ከራሱ ከአገልግሎቱ ጊዜ የሚቀንሰው የደቂቃዎቹን ግማሽ ነው። ሰዓታቱ ያሉት በክፍሎች መካከል ነው።

ሰው መከተል ካልተቻለ ቀላል ሂሳብ አለ። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ነው። እየጠበቁ ያሉትን ሰዎች ቁጥር በሰዓት ለሚስተናገዱት ቁጥር አካፍሉ፤ በአማካይ የሚጠበቀውን ጊዜ ታገኛላችሁ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ 60 ሰው ካለ፣ በሰዓት ደግሞ 20 ሰው የሚስተናገድ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ጊዜ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት፣ 5 ሰዓትና ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ በየክፍሉ በር ያለውን ሰውና በሰዓት የሚስተናገደውን ሰው መቁጠር ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። የሰልፉ ቦታ ጠዋት ከካርድ ክፍል ተነስቶ ከምሳ በፊት ወደ ላቦራቶሪ ሲዞር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አንድ ቀን አይበቃም። ሰኞ ከሐሙስ ይለያል፤ የገበያ ቀን ከሌላው ቀን ይለያል። መብራትና ኔትወርክ የጠፋበት ቀን ካጋጠማችሁ አትዝለሉት፤ እሱም የሥራው አካል ነው።

6. ግድግዳው ላይ ሣሉት

አሁን የሰበሰባችሁትን ይዛችሁ አንድ ክፍል ግቡ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ያያችሁትን አንድ አንድ ነገር በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ በቀስት አገናኙ። ለእያንዳንዱ ቀስት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ሲበዛ ያኛው ይበዛል ወይስ ይቀንሳል?

ከሆስፒታሉ ምሳሌ ምን ሊወጣ እንደሚችል ላሳያችሁ። ታካሚዎች ለምን ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ? ያረፈደ ሰው በዕለቱ አይታይም የሚል ወሬ አለ፣ ወሬውም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚመጣ ካርድ ክፍል 2:30 ላይ ይጥለቀለቃል። በጥድፊያ የወጣ ካርድ ይሳሳታል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይገኝም። ለምን አይገኝም? ትናንት ወደ ቦታው አልተመለሰም። ለምን? ውጤት ስላልተያያዘበት ነርሷ ጋ ቀርቷል። ውጤቱ ለምን ዘገየ? ናሙናው ሁሉ ላቦራቶሪ የደረሰው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ለምን? ሐኪሙ ተኝተው የሚታከሙትን በራውንድ አይቶ ተመላላሽ ክፍል የገባው 4 ሰዓት ላይ ነው። ቀደም ብሎ ቢገባስ? ገብቶ ነበር፤ ካርድ አልደረሰለትም። ስለዚህ ራውንዱን ማስቀደም ለመደ። የታካሚው ተራ ዘገየ፣ መጨረሻ ላይ የቀሩት "ነገ ኑ" ተባሉ። ነገ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መጡ።

ቀስቱ ዞሮ መነሻው ላይ ገጠመ። እዚህ ጋ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን አስተውሉ። ሐኪሙ የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች። ሁለቱም ሥራቸውን ለማቃናት ያደረጉት ነገር ነው እርስ በርስ ያስቸገራቸው። ሁሉም በየራሱ በኩል ትክክል ነበር። ይህን ግድግዳ ላይ አብሮ ያየ ቡድን ስለ "ቀርፋፋው ካርድ ክፍል" እንደ ድሮው ማውራት ይከብደዋል።

በካይዘን ስልጠና "ለምን?" እያላችሁ አምስት ጊዜ ጠይቁ ተብላችሁ ይሆናል። ማሽን ሲበላሽ ድንቅ ነው። ሰው የበዛበት ችግር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በአንድ መስመር ብቻ ከሄዳችሁ አምስተኛው መልስ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ "ለምን?" ቢያንስ ሁለት መልስ ፈልጉ። የዓሣ አጥንት የሚባለው የኢሺካዋ ስዕልም ምክንያቶችን ለመዘርዘር ይረዳል፣ ግን አንዱ ምክንያት ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ አያሳይም። ዙሩ ሳይታይ ይቀራል።

የስዕሉ ማማር አያስጨንቃችሁ። በኮምፒውተር አሳምሮ የሚሠራ ሰው ይኖራል፤ ቡድኑ እስኪጨርስ ድረስ አትፍቀዱለት። ያማረ ነገር ላይ ሰው ለመሰረዝ ያፍራል።

7. ከዚህ በፊት ምን ተሞከረ?

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። በዚህ ችግር ላይ ባለፉት ዓመታት የተሞከረውን ሁሉ ዘርዝሩ። መቼ ተጀመረ? ምን ተሻሻለ? ለምን ቆመ? ማን ተጎዳበት? ነባር ሠራተኞች እዚህ ጋ ወርቅ ናቸው። ካርድ ክፍል ሁለት ሰው ተጨምሮ ሰልፉ ላቦራቶሪ በር ላይ የተከመረበትን ጊዜ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። "ተሞክሮ አልሆነም" የሚለውን እንደ ተስፋ መቁረጥ አትስሙት፤ ስለ ችግሩ ብዙ የሚነግር መረጃ ነው። ስዕሉ ላይ ተመልሳችሁ የትኛው ቀስት ያንን ሙከራ እንዳከሸፈው ፈልጉ።

8. ያልተስማማችሁበትን ጻፉት

አብሮ መረዳት ማለት በሁሉም ነገር መስማማት አይደለም። አንዳንድ ቡድን ሰላም ለመፍጠር ሲል ልዩነቱን ይሸፍናል፣ በይሉኝታ "እሺ ይሁን" ይባላል። ከዚያ መፍትሔው ሲጀመር ያ ልዩነት በሥራ ላይ ይወጣል።

ለብቻው አንድ ወረቀት ለጥፉና "ያልተግባባንበት" በሉት። ለምሳሌ ሐኪሙ "ካርድ የሚደርሰኝ 3:30 ካለፈ በኋላ ነው" ይላል። ካርድ ክፍል "2:50 ላይ እናወጣለን" ይላል። ሁለቱም ሳይዋሹ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ማን ትክክል እንደሆነ የሚጠይቅ አይሁን፤ "ምን ብናይ እናውቃለን?" በሉ። መልሱ ቀላል ይሆናል፤ ለሦስት ቀን ካርዱ ከመስኮት የወጣበትንና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የደረሰበትን ሰዓት መጻፍ። ምናልባት 2:50 ወጥቶ 3:30 የደረሰው አንድ ራነር አራት ክፍል ስለሚያመላልስ ነው። እሱ ደግሞ እስካሁን አልተጠየቀም።

መረጃ የማይፈታው ልዩነትም አለ። ከሩቅ የመጣ ታካሚ ይቅደም ወይስ ቀድሞ የደረሰ? ወረፋ በቀጠሮ ሰዓት ቢከፋፈል ስልክ የሌለው ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በቁጥር ለመሸፈን አትሞክሩ። እንዳለ ጻፉትና ለሚወስነው አካል አሳልፉት፣ የታካሚዎቹን ሐሳብ በራሳቸው አነጋገር አያይዛችሁ።

9. መቼ ይበቃል?

ያለ ገደብ ማጥናትም መሸሻ ይሆናል። እኔ ሁለት ሳምንት በቂ ይመስለኛል። ደርሳችኋል የሚያሰኙ ምልክቶች አሉ። ሐኪሙ የካርድ ክፍሉን ችግር ሳይሳሳት ሲያስረዳ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛም የሐኪሙን። አዲስ ሰው አምጥታችሁ ስዕሉን ስታሳዩት "ይሄማ እኛም ጋ አለ" ሲል። አዲስ ቀን ወጥታችሁ ስታዩ አዲስ ነገር ሲጠፋ። ከዚህ በተቃራኒ፣ ስዕሉ ላይ የአንድ ክፍል ስም ብቻ እየተደጋገመ ከሆነ ያ ክፍል በቡድኑ ውስጥ ድምፅ እንዳላገኘ ጠርጥሩ።

ከዚያ በፊት መፍትሔ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ዝም አታሰኙት። ጥግ ላይ አንድ ወረቀት ይኑር፣ ሐሳቡ እዚያ ይጻፍ፣ ወደ ስዕሉ ተመለሱ። በመጨረሻው ቀን ያንን ወረቀት አንሱና እያንዳንዱን ሐሳብ ስዕሉ ላይ አስሂዱት፤ የትኛውን ቀስት ይነካል? ዙሩን ይሰብረዋል ወይስ ሰልፉን ወደ ሌላ በር ያዛውረዋል? ግማሹ ሐሳብ በራሱ ባለቤት እጅ ይሰረዛል። የቀረውን ለማኔጅመንቱ ከነስዕሉና "ያልተግባባንበት" ከሚለው ወረቀት ጋር አቅርቡ። አቅራቢው ኃላፊ ብቻ አይሁን። ራነሩ ወይም የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ስለሚያውቁት ክፍል በራሳቸው አንደበት ያስረዱ።

ኃላፊያችሁ "ሁለት ሳምንት የለንም፣ እስከ ዓርብ ሪፖርት አለ" ካለ አትከራከሩ። አንድ ጠዋት ጠይቁት። ከሁለት ክፍል ሁለት ሰው ይዛችሁ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ቁሙ፣ አንድ ታካሚ ፈቅዶ እስኪወጣ ተከተሉ፣ አራቱን ዓምድ ሙሉ። ከተቻለ ኃላፊውም ከእናንተ ጋር ይምጣ። ዓርብ የሚቀርበው ሪፖርት ላይ ያንን አንድ ገጽ አያይዙት፣ ከሥሩም ቀጣዩን ጥያቄ ጻፉ፤ ይህ ሰው ላቦራቶሪ በር ላይ የጠበቀው ምንን ነበር?